ለገዢውስ ማን ዋስ ይሆናል?

ያገለገለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ መግዛት ዕውቀት ይጠይቃል። በአሜሪካ ያገለገለ ሽጉጥ እንደ አሮጌ መኪና በይፋ ይሸጣል። ነገሩ የገባው ገዢ በመጀመሪያ ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ከበሮ ከፍቶ ስድስቱም ቀዳዳዎች ባዶ መሆናቸውን ያያል። ቀጥሎ መዶሻውን በዝግታ ወደ ኋላ ይስባል። መዶሻው ተወጥሮ ሲቆም ከበሮው ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት፤ ካልቆለፈ ቀዳዳውና አፈሙዙ ፊት ለፊት አይገጥሙም፣ ጥይቱም ሲወጣ እየተላጨ የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይረጫል። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ይለካል፤ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደግ ነው። የተወጠረውን መዶሻ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ቃታው ሳይሳብ ከወደቀ ዕቃውን መልሶ ይሄዳል። የብሎኖቹ አናት ተበልቶ ቢያገኝ ያላዋቂ እጅ እንደገባበት ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። የተበላሸ ሽጉጥ የያዘውንም አጠገቡ የቆመውንም ይጎዳል። ነገር ግን የጥያቄዎቹን አቅጣጫ ልብ ይሏል፤ ሁሉም ስለ ብረቱ ናቸው። ብረቱን ስለሚይዘው እጅ አንድም ጥያቄ የለም።

በእኛ አገር የከብት ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬዳታል። ሻጩን የማያውቀው ከሆነ ግን በዚህ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም፤ «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ነገ «የእኔ ናት» የሚል ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋልና። እንግዲህ ለበቅሎ ሻጭ ዋስ የጠየቀ ሕሊና፣ ለሽጉጥ ገዢ ዋስ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? በበቅሎዋ የሚያሠጋው ትናንት ነው፤ በሽጉጡ የሚያሠጋው ነገ ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ ፖል ቬርሌን እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1873 ጠዋት በብራስልስ ከተማ አንድ ስድስት ጎራሽ ገዛ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰክሮ በወዳጁ በአርተር ራምቦ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰና አንጓውን አቆሰለው፤ ሁለት ዓመትም ተፈረደበት። ይህ ራምቦ በኋላ ሐረር የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ የመጣው ሰው ነው። የብራስልሱ ሽጉጥ በትክክል ሠርቷል። ጉድለቱ የነበረው በገዢው ላይ ነው። ያው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ ከ430 ሺህ ዩሮ በላይ ተሸጠ። የእጁ ታሪክ ዋጋ ያወጣው ነገሩ ካለፈ ከ143 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ነገሩን ጨርሶ አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የብራዲ ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የገዢው ማንነት እንዲጣራ ያስገድዳል። ሆኖም ነጋዴ ያልሆነ ሰው የራሱን አሮጌ ሽጉጥ ለግዛቱ ነዋሪ ቢሸጥ የፌዴራሉ ሕግ ይህን ማጣራት አያዝዘውም፤ የሚያዝዙ ክፍላተ ግዛት ግን አሉ። መሣሪያ እንዳይዝ ለተከለከለ ሰው እያወቁ መሸጥ ወንጀል ነው። ያልጠየቀ ሰው ደግሞ አያውቅም። እንዲህ ሲሆን አለመጠየቅ ራሱ መሸሸጊያ ይሆናል።

«ቢላዋ ሻጭስ መቼ ይጠየቃል?» የሚል አይጠፋም። ቢላዋ ግን ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሽጉጥ የተሠራው ለመተኮስ ነው። ምርመራው በጠነከረ መጠን የሚሸጠው ዕቃ ዒላማውን ይበልጥ የማይስት ይሆናል። «ቤቱን ለመጠበቅ የሚፈልገውን ጨዋ ሰው በጥያቄ ማዋረድ አይሆንም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለ። በቅሎ ሻጩ ዋስ ሲጠራ ተዋረድሁ አይልም፤ ጨዋነቱ የሚታወቀው እንዲያውም ዋስ በማግኘቱ ነው።

ደግሞም አደጋው ሁልጊዜ ሌባና ወንበዴ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። መዝገባቸው ንጹሕ የሆነ፣ ማንም የማይጠረጥራቸው ሰዎች በመካከላቸው አሉ። እነርሱን የመንግሥት መዝገብ አያውቃቸውም። የሚያውቃቸው አብሯቸው የሚበላ ሰው ነው።

ስለዚህ ሻጭ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የገዢውን ዓይን ማየት፣ ከተጠራጠረም «ነገ ተመለስ» ማለት ይገባዋል፤ አንድ ሌሊት ያሳደረው ቁጣ የቱን ያህል እንደሚበርድ ሁላችንም እናውቃለን። ገዢውም ከበሮውን ከማሽከርከሩ አስቀድሞ አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ «ዋስ ጥራ» ብባል ማንን እጠራለሁ? ስቆጣ ያየኝ፣ ስጠጣ ያየኝ፣ ተስፋ ስቆርጥ ያየኝ ሰው እሺ ብሎ ይፈርምልኛል? የሚጠራው ሰው ያጣ እንደሆነ፣ ሽጉጡ ምንም እንከን ባይገኝበት እንኳ፣ ገበያው ቢቀርበት ይሻላል።