ባልንጀራህን በሕይወቱ ሳለ እርዳው

አንባቢ ሆይ፥ በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር፥ ወይም ኑሮው እንደ ልደታ በሆነ በሌላ ሰፈር የኖርህ ብትሆን፥ ገና ሳይነጋ በየመንደሩ የሚዞረውን የእድር ጡሩምባ ድምፅ ታውቀዋለህ። ለፋፊው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ ዛሬ በብዙ ስፍራ ወሬው በስልክ ቢደርስም ነገሩ ያው ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም ሳይለምን ሥራው ይከናወናል። ጎልማሶቹ ድንኳኑን ይተክላሉ፥ አግዳሚ ወንበሩን ይደረድራሉ። ሴቶቹ ድስቱንና ትሪውን ከእድሩ ዕቃ ቤት ያወጣሉ፥ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፥ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ገንዘብ ያዡም በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቤት ያስረክባል። ትናንት ስለ አጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ዛሬ አንዱን ቃሬዛ አብረው ይሸከማሉ። ሐዘንተኛውም እስከ ሥልስቱ ድረስ ብቻውን አይቀመጥም።

ይህ ሥራ መልካም ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። እድርን ያቋቋሙት የቀደሙ ሰዎች ብዙዎቹ ከየአገሩ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የገቡ፥ ዘመዶቻቸውንም በሩቅ የተዉ ነበሩ። ሞት ቢመጣ ማን ይቀብረኛል የሚል ፍርሃት ስለ ነበረባቸው ጎረቤትን ዘመድ አደረጉ። በብዙ መንደር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ የእድር መዝገብ ተጽፈው ይኖራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ እንደ ሆነ አባቶች የተናገሩት እውነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት የሌላውን ሸክም የሚሸከም ሰው የክርስቶስን ሕግ እንደሚፈጽም ያስተምራል።

ነገር ግን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ወደዚያ ቤት ማን ገብቶ ነበር? ሞቱን የሰማ ሰው ሁሉ ሕመሙንም ሰምቶ ነበርን?

በሰፈርህ አንዲት ባልቴት አለች እንበል። የሰው ልብስ እያጠበች ልጆችዋን ታሳድግ ነበር፤ ጉልበትዋ በደከመ ጊዜ ሥራው ቀረ። መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን ተወች፤ ተራዋ ሲደርስ የምታፈላው ቡና አልነበራትምና። ቀጥሎ እቁቡን ተወች። በመጨረሻም የእድሩን መዋጮ በየወሩ ማድረስ አቃታት፤ በቅጣቱ ላይ ቅጣት ተጨመረ፥ ስምዋም ከመዝገብ ተፋቀ። ማንም ክፉ ላድርግባት ብሎ አልተነሣም፤ ጸሐፊው ደንቡን ጠበቀ፥ ሰብሳቢውም ፈረመ። እርስዋ ግን በሰው መካከል እየኖረች ብቻዋን ሆነች። የሞተች እንደ ሆነ ምናልባት ሰፈሩ አፍሮ ገንዘብ ያዋጣላታል። የዚያ ገንዘብ እኩሌታ በሕይወትዋ ቢሰጣት ኖሮ ግን መዋጮዋን ከፍላ፥ መድኃኒትዋን ገዝታ፥ ከሰው ጋር በኖረች ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ስለ ዶርቃ የተጻፈውን ነገር አስተውል። ይህች ሴት በኢዮጴ ከተማ ታማ ሞተች። ጴጥሮስ ተጠርቶ በመጣ ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ ከበቡት። ያሳዩትም ለቀብር የተዘጋጀውን ነገር አልነበረም፤ ዶርቃ በሕይወት ሳለች በእጅዋ የሠራችውን ልብስ ነበረ እንጂ። ስለ ሀብትዋ የተጻፈ ነገር የለም፤ መታሰቢያ የሆናት የእጅዋ ሥራ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት የማርያምንና የማርታን ቤት ያውቅ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያመሰግነው ፍቅር የመቃብርን ቀን የማይጠብቅ ፍቅር ነው።

የልደታን ነገር ማንሣቴም በከንቱ አይደለም፤ በዚያ የሆነው ለሁላችን ትምህርት ስለሚሰጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፥ በልደታ ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት በጥቂት ኪራይ ይኖር ነበር። ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ቤቱም ጠባብ ነበረ፤ በብዙ ግቢ ቧንቧውና መጸዳጃው የጋራ ነበረ። ይህን ድህነት ማንም ሊያሞግሰው አይገባም። በክረምት ጣራው ያፈስስ ነበር፤ በቧንቧው ተራ ጠብ ይነሣ ነበር፤ ሐሜትም አይታጣም ነበር። ነገር ግን በዚያ ግቢ የማን ምድጃ ሳይነድድ እንደ ዋለ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር፤ የጭሱ መጥፋት ይናገር ነበርና። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤትዋ ትወስዳለች፤ እናቱ ወደ ሥራ የሄደችበት ሕፃን በሌላይቱ ቤት ምሳውን ይበላል።

ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ከዚያ አሮጌ መንደር ብዙው ስለ መልሶ ማልማት ፈረሰ፤ በስፍራውም ባለ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ፥ ሌሎቹም ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የተነሡ ሰዎችም እንዲሁ ከአሮጌ ጎረቤታቸው ተለይተዋል። ጣራው የማያፈስስ ቤትና የራስ ቧንቧ ማግኘት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ማመስገን ይገባል። ነገር ግን በአራተኛው ፎቅ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሽማግሌ ሳይበላ መዋሉን ማን ያውቃል? ጭሱ አይታይም፥ ሳሉም አይሰማም። ቀድሞ የቤት ጥበት ያደርሰን ወደ ነበረበት አሁን ፍቅር ሊያደርሰን ይገባል። በደጅ የማይታይ ችግር በር በማንኳኳት ይታወቃል።

እድር ለሞተ እንጂ ለሕያው አይሆንም የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ ነገር ተሠርቶ እንደ ታየ ይወቅ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤድስ በሽታ ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜ በአዲስ አበባ ያሉ እድሮች ቀብር በዛባቸው። ከእነርሱም አያሌዎቹ ተመካከሩ፤ በሽተኛን በቤቱ መጠየቅንና እናት አባት የሞቱባቸውን ልጆች መርዳትን በሥራቸው ላይ ጨመሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ሰው በአንድነት እንዳይሰበሰብ በታዘዘ ጊዜ፥ በድንኳን ተሰብስቦ ማጽናናት አልተቻለም። ያን ጊዜ በሕይወቱ ጎረቤቱን የጠየቀ ሰው ልቡ ዐረፈ፤ እስከ ድንኳኑ ቀን የቆየው ግን የሚያደርገውን አጣ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ በእድርህ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ ተናገር። መዋጮ ያቃተው ሰው ስሙ ከመፋቁ በፊት ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ይላኩ፤ እምቢተኛ መሆኑን ወይም ችግረኛ መሆኑን በዓይናቸው አይተው ይመለሱ። ሁለቱን በአንድ ደንብ መቅጣት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛ፥ አንተ ተማሪ የሆንህ፥ ገንዘብ የለኝም ብለህ አትቀመጥ። ማንበብ ለማይችሉት እናት የሐኪሙን ወረቀት አንብብላቸው፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል በሚሄዱበት ቀን አብረህ ሂድ፥ ተራም ያዝላቸው። ለእርሳቸው የጭንቀት ቀን የሆነው ለአንተ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛ፥ ስትሰጥ አታሳፍር። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን አስተምሮናል። ደግሞም ከድሃው ተቀበል፤ ቡና ቢያቀርብልህ ቁጭ ብለህ ጠጣ። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሚሆን ሰው ልቡ ይሰበራልና።

አራተኛ፥ አንተ የምትረዳው ወንድሜ፥ ጉልበት ሳለህ የሰውን እጅ አትጠብቅ። ያው ሐዋርያ በዚያው ምዕራፍ እያንዳንዱ የገዛ ሸክሙን እንዲሸከም ጽፎአል። የምትችለውን ሥራ፤ የማትችለውንም ደብቀህ አትሙት። ችግርን ለታመነ ጎረቤት መንገር ውርደት አይደለም።

ምናልባት፦ እኔም ድሃ ነኝ፥ ከምኔ ልስጥ? ትል ይሆናል። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 የሰራፕታዋ መበለት በማድጋዋ ጥቂት ዱቄት ብቻ ቀርቶአት ሳለ ለኤልያስ ጋገረችለት፤ ዱቄቱም አላለቀም። እግዚአብሔር ከአንተ የሚፈልገው የሌለህን አይደለም፤ ከእንጀራህ ቁራሽ፥ ከቀንህም አንድ ሰዓት ነው።

በመጨረሻም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ ስለ ፍርድ ቀን የተናገረውን አንብብ። በዚያ ስለ ተራበና ስለ ተጠማ፥ ስለ እንግዳና ስለ ታረዘ፥ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ሰው ይጠይቃል። ቆጥረህ ተመልከት፤ ስለ ቀብር አልጠየቀም። ይህን ማለቴ ሙታንን በክብር መቅበር ይቅር ለማለት አይደለም። ጌታ የሚጠይቀን ሁሉ ግን ገና በሕይወት ላለ ሰው የሚደረግ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ይህን ካነበብህ በኋላ ብዙ ቀን ያላየኸውን አንድ ጎረቤት አስብ፤ ዛሬ ማታም ሳይመሽ በሩን አንኳኳ። የፍቅር አምላክ የተዘጋውን በር የሚከፍት ልብ ይስጠን። አሜን።