ጥላው ለማን ነው?

ባለፈው የውይይት ቀናችን የተነሣው ጥያቄ ገና አልተቋጨም። ከግቢያችን በስተጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ምን እንትከልበት? ከፊላችን፣ «ባሕር ዛፍ ይሁን፤ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይሸጣል፤ በገንዘቡም ለችግረኛ ልጆች ደብተር እንገዛለን» አልን። ከፊላችን ደግሞ፣ «ጥድና ዝግባ ይሁን» አልን። በዚህ ጊዜ አንዲት እኅት ተነሥታ፣ «ዝግባው ጥላ እስኪሰጥ እኛ የት ነን? ላልተወለደው ብለን የተወለደውን ልጅ ደብተር እንከልክለው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ ጥያቄ ስላላስተኛን ነው።

ነገሩን ለመመርመር በተፈጥሮው በአገራችን የማይበቅል አንድ ዛፍ ይረዳናል። ይኸውም ፈረንጆች ኦክ የሚሉት፣ በእኛም መጻሕፍት አንዳንድ ጊዜ ባሉጥ ተብሎ የሚጠራው ነው። አብርሃም ድንኳኑን የተከለበት የመምሬ ዛፍም ከዚሁ ወገን እንደ ነበረ ብዙዎች ይናገራሉ፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ተብሏል። ኦክ ከ400 በላይ ዓይነት አለው፤ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ በብዛት ይገኛል። ፍሬው በትንሽ ጽዋ ላይ የተቀመጠ ለውዝ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር የታወቀው ዓይነት ፍሬ በደንብ ለመስጠት 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ዕድሜው ግን በመቶ የሚቈጠር ነው። ጄይ የሚባል ወፍ ለብርዱ ወራት ስንቅ ይሆነኝ ብሎ ፍሬውን በየመሬቱ ይቀብራል፤ ሳይበላው የቀረውም ይበቅላል። ወፉ የሚተክለው ሳያውቅ ነው። ሰው ግን እንደማይደርስበት እያወቀ ይተክላል። ስለሆነም ጥያቄው የሚነሣው በሰው ላይ ብቻ ነው።

እስቲ የሰውን ሥራ እንመልከት (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በፖርቱጋል የጠርሙስ ቡሽ የሚሠራው ከአንድ የኦክ ዓይነት ልጥ ነው። ዛፉ 25 ዓመት ያህል ሲሞላው ልጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገፈፋል፤ ከዚያ በየ9 ዓመቱ ነው። ለደኅና ቡሽ የሚሆነው ግን ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው ስለሆነ ተካዩ ከ40 ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አባት ይተክላል፣ ልጅ ይገፍፋል።

የነገሥታት ትዕግሥት ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። በዚያ ዘመን የጦር መርከብ የሚሠራው ከኦክ ነበር። በ1765 ውኃ ላይ የወረደችው ቪክቶሪ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ብቻ 6,000 ያህል ዛፍ እንደ ፈጀች ይነገራል፤ ብዙው ኦክ ነበር። በፈረንሳይ የሉዊ 14ኛው ሚኒስትር ኮልቤር፣ ወደፊት ለመርከብ የሚሆን እንጨት እንዳይጠፋ ብሎ በ1669 ጥብቅ የደን ሕግ አወጣ። በስዊድንም ቪሲንግሶ በምትባል ደሴት ላይ ከ1831 ጀምሮ ለባሕር ኃይሉ ብዙ ኦክ ተተከለ። በ1975 የደን ኃላፊዎች፣ «ዛፎቻችሁ ደርሰዋል» ብለው ለባሕር ኃይሉ አስታወቁ። የጦር መርከብ ከብረት መሠራት ከጀመረ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር!

ታዲያ ተካዮቹ ሞኞች ነበሩን? እኛ አይመስለንም። በ2019 የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ ተቃጠለ። ጣሪያውን የተሸከመው የኦክ ማገር ከብዛቱ የተነሣ «ደን» ይባል ነበር። መልሶ ለመሥራት 2,000 ያህል ኦክ አስፈለገ፤ ተገኘም። ከነዚህም ስምንቱ ቤርሴ ከሚባለው ደን በ2021 ተቈረጡ፤ ዕድሜያቸው ከ200 ዓመት በላይ ነበር። ካቴድራሉም በ2024 ዳግመኛ ተከፈተ። እነዚያን ችግኞች የጠበቁ ሰዎች ስለዚህ ቃጠሎ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው፣ ተካይ ዛፉን እንጂ የዛፉን ጥቅም አስቀድሞ ሊወስን እንደማይችል ነው። ለሚመጣው ትውልድ የምንሰጠው ትእዛዝ አይደለም፤ የሚመርጥበትን ነገር ነው።

ነገር ግን የእኅታችን ጥያቄ በዚህ ብቻ አይመለስም። ያ የ1669 ሕግ በግና ፍየል በደን እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር። ንጉሡ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለሚሠራ መርከብ አሰበ፤ የመጠበቁን ዋጋ ግን በደኑ ዳር የሚኖረው ድኻ ከፈለ። አርቆ ማሰብ መልካም ነው፤ ሆኖም በሰው ኪሳራ አርቆ ማሰብ ቀላል ነው። ለነገው ሰው ስንል ከዛሬው ድኻ ብንነጥቅ፣ ጽድቃችን ከሌላው ማዕድ የተወሰደ ይሆናል።

እንግዲህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ላልተወለደው መትከል ተገቢ ነው፤ እኛም ባልተከልነው ጥላ ሥር ተቀምጠን አድገናልና። ዋጋውን መክፈል ያለበት ግን ልትከል ባዩ ራሱ ነው። ስለዚህ ጥዱና ዝግባው ይተከል፤ የልጆቹ ደብተር ገንዘብም በየወሩ ከየኪሳችን ይውጣ። ይህን ለማድረግ ፈቃደኞች ካልሆንን ባሕር ዛፉን እንትከል፤ በሌላው ልጅ ደብተር አርቆ አሳቢ ልንባል አይገባንምና።

በሚመጣው እሑድ ሁላችንም ይህን ከልባችን መርምረን እንምጣ። የሚጠየቀው እጅ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ እጅን ወደ ኪስ መክተትም ነው።