ልክ የማን ነው?

«ልክ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፍቺ አዝሎ ይኖራል፤ በአንድ በኩል የተሰፈረ መጠን ማለት ሲሆን በሌላ በኩል ደግሞ እውነትና ትክክል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መገናኘታቸው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም መጠን በነገሩ ውስጥ ያለ ነው ወይስ ሰው ለራሱ እንዲመቸው ከውጭ የሚያለብሰው የሚል ነው። ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም በቆጋ ቀይ አፈር ላይ ተጨባጭ ሆኖ ይገኛል።

ከቆጋ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው የምዕራብ ጎጃም ምድር ብርቱው ክረምት ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ ለዘመናት ስለ ወሰደ፣ ብዙው ማሳ አሲዳማ ሆኗል። አፈር አሲዳማ ሲሆን በውስጡ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የአዝርዕቱን ሥር ይጎዳል፤ ገብሱ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ቀጭጮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ማለትም ደጀን አካባቢ እንደሚገኘው ያለ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘው ዱቄት ሲሆን፣ በኬሚስትሪ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል።

በአንድ ማሳ ላይ 18 ኪሎ ግራም የተሟሟ አሉሚኒየም ቢኖር ምን ያህል ኖራ ያስፈልጋል? ሚዛንን ብቻ የሚያውቅ ሰው 18 ኪሎ ቢል አይፈረድበትም፤ በገበያ እኩል ማለት የሚዛኑ ሁለት ክንዶች ሲስተካከሉ ነውና። በአፈሩ ውስጥ ግን ነገሮች የሚገናኙት በክብደት ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ሁለት የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን ለማሰር ሦስት የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ይፈለጋሉ። ቅንጣቶቹ በዓይን ስለማይታዩ አንድ በአንድ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ «ሞል» የሚባል የቁጥር ስም አወጡ። ደርዘን የ12 ስም እንደ ሆነ ሁሉ ሞል የ6.02214076 × 10²³ ስም ነው። አንድ ሞል አሉሚኒየም 27 ግራም፣ አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ 100 ግራም ይመዝናል።

ስሌቱም በእነዚህ ላይ ይሄዳል፦ 18 ኪሎው 18,000 ግራም ይሆናል፤ ይህ ለ27 ሲካፈል ግራም ከግራም ጋር ይሰረዝና 667 ሞል ገደማ ይቀራል፤ ይህም በሦስት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 1,000 ሞል ኖራ፣ በ100 ግራም ሲባዛ 100,000 ግራም፣ ማለትም ልክ አንድ ኩንታል ይሆናል። በሚዛን እኩልነት ብቻ 18 ኪሎ የበተነ ገበሬ፣ ሳያውቀው መሬቱን ከሚገባው ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አልሰጠውም።

በዚህ መንገድ ላይ ኪሎው ወደ ግራም፣ ግራሙ ወደ ሞል፣ ሞሉ ወደ ኩንታል ስሙን ሲለውጥ ነገሩ ራሱ አልተለወጠም። የመለኪያ ስሞች ግን የሰው ናቸው፦ ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ክንድም የሰው ክንድ ርዝመት ነው፤ እነዚህን ሰው ከራሱ ኑሮና አካል አወጣቸው። ለአገሩ ሊቃውንትም አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መለወጥ እንግዳ አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ (የዘመን ቆጠራ) መምህራን ቀኑን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት እየከፈሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የጨረቃ ስሌት ቁጥሮች ድምር 30 መሆኑን እየጠበቁ በዓላትን ሲያወጡ ኖረዋል። ስሙና ክፍፍሉ የሰው ነው፤ የጨረቃ ዑደት ግን የሰው አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሞልም ቢሆን ሰው የመረጠው ነው ማለት ይቻላልና። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ግራም ካርቦን ላይ ተመሥርቶ የነበረው ትርጉም በ2019 እ.ኤ.አ. ተለውጦ ቁጥሩ ብቻውን በስምምነት ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ይህን የደነገገው የመለኪያዎች ጉባኤ ሌላ ቁጥር ቢመርጥም የሁለትና የሦስት ምጣኔ ቅንጣት አይነቃነቅም ነበር፤ ቀይ አፈሩ ጉባኤ ሳይሰማ፣ ገበሬውም ሞል የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ሁለት ለሦስት እየተገናኘ ኖሯል። መጽሐፈ ጥበብ በምዕራፍ 11 ፍጥረት በስፍር፣ በቁጥርና በክብደት መደራጀቱን ሲናገር ሦስቱን አንድ ላይ ማንሣቱ በዚህ ብርሃን ሲታይ ይደንቃል፤ ሞል ቁጥርንና ክብደትን የሚያገናኝ ድልድይ ነውና። አማኝ ምጣኔውን የፈጣሪ ሥርዓት ይለዋል፤ ሌላው የተፈጥሮ ጠባይ ይለዋል፤ ሁለቱም ግን አንዱን ኩንታል ከፍ ዝቅ ማድረግ አይችሉም።

በማሳው ላይ ኖራው ንጹሕ ካልሆነ ወይም በደንብ ካልላመ፣ ባለሙያው ጉድለቱን አስቦ ተጨማሪ ያዛል፤ ጭማሪው የሚሰላውም ከዚያው ከሁለት ለሦስቱ ተነሥቶ ነው።