የረካ ሰው ለምን ይሮጣል?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በደቡብ ጫፍ ያለው አቃቂ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል። ሯጮች ይህን ልዩነት በትንፋሻቸው ያውቁታል። እንጦጦ ላይ ዛፍ ለዛፍ እየተሹለኮለኩ ዝግ ብለው ይሮጣሉ፤ ፍጥነት የሚሠሩ ቀን ግን ትንፋሽ እንደ ልብ ወደሚገኝበት ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ ያወርዳቸዋል። ኮረኮንቹ ላይ ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ያልፋሉ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ዳር፣ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ያላቸው የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች ጋቢያቸውን ደርበው ይራመዳሉ።

ሁለቱን ወገኖች ሳይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይመጣብኛል። ባለው የረካን ሰው ምን ያስሮጠዋል? የሚሮጥ ሰው የጎደለው ነገር ቢኖር አይደለም ወይ? ጎደለኝ እያለ የሚነጋለት ሰውስ እንዴት ደስ ብሎት ይውላል? ብዙዎቻችን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለብን ይመስለናል፤ ወይ ተመስገን ብሎ መቀመጥ፣ ወይ አልበቃኝም ብሎ መሮጥ። እኔ ግን ተመስገን ያለ ሰው ነው ብዙ ዘመን የሚሮጠው ባይ ነኝ።

አሪስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው ዘጠነኛ መጽሐፍ ላይ የሰውን ድርጊት ለሁለት ይከፍላል። አንዳንዱ ፍጻሜው ከራሱ ውጭ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ሠራ አይባልም፣ ሲያልቅ ደግሞ ሥራው ያከትማል። ሌላው ግን በየቅጽበቱ ሙሉ ነው፤ የሚያይ ሰው እያየ ሳለ አይቷል፣ በደስታ የሚኖርም እየኖረ ሳለ ኖሯል። ለመጀመሪያው ወገን ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ክብደት መቀነስ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ስፖርት የሚጀምርበትን ምክንያት ከ2,300 ዓመት በፊት አንስቶ፣ ፍጻሜው ከራሱ ውጭ ከሆነው ጎራ አስቀምጦታል።

በጥር የጀመረ ሰው በመጋቢት የሚያቋርጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ያስረዳኝ የለም። አሥር ኪሎ ልቀንስ ብሎ የወጣ ሰው አሥሩን እስኪቀንስ ድረስ እያንዳንዱ ጠዋት ገና ያልደረሰበት ጠዋት ነው። ሚዛን እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ የከፈሉትን ትቶ የቀረውን ብቻ ይቆጥራል። አሥሩን ኪሎ የጨረሰ ሰው ደግሞ ዕዳው አለቀለትና ጫማውን ይሰቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ምክሩ ደግ ነው፣ ቁጥሩም ብዙ አይደለም። ግን ቁጥር ሰውን ከአልጋው አያወርደውም።

አሪስቶትል መራመድንም ከዚያው ካልተፈጸመው ወገን ደምሮታል፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ መድረስ ነውና። እዚህ ላይ አልከተለውም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ። የአቃቂ ዋልካ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማ ላይ ተለጥፎ፣ በየእርምጃው እየወፈረ፣ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል። አንድ ማለዳ በር ላይ ቆመው ጭቃውን በእንጨት ሲፍቁ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብም?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ይጠብቁኛል እኮ» አሉኝ።

የሚጠብቋቸው የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። አብረው ይወጣሉ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ድሮው ፈረቃ እያወሩ ተመልሰው ይመጣሉ። ከወጡበት በር ስለሚመለሱ መድረሻ የሚባል ነገር የላቸውም። ስኳራቸው ቢወርድም ባይወርድም የዚያን ቀን ጠዋት ተሟልቷል። ስሜቱ እስኪመጣላቸውም አይጠብቁም፤ ሰው ነው የሚጠብቃቸው።

ሯጮቹም ዘንድ ያለው ይኸው ነው። ብሪታኒያዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ማይክል ክሮሊ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ከአትሌቶች ጋር እየሮጠ ኖሮ፣ ያየውን በ2020 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። የአትሌቶቹ እምነት፣ እሱ እንደሚነግረን፣ ለብቻ መሮጥ ለጤና ያህል ነው፤ መለወጥ የሚፈልግ ከሌሎች ጋር መሮጥ አለበት። ከፊት ያለው ፔስ ይይዛል፣ የኋለኛው እግሩን ይከተላል፣ ነገ ተራው ይዞራል። ጉልበት እዚያ ቤት የአንድ ሰው የግል ሀብት አይደለም፤ ከፊቱ ካለው ሰው እግር የሚቀዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ ወጣቶች ለመለወጥ ነው የሚሮጡት፤ ለእናታቸው ቤት፣ ለታናናሾቻቸው ትምህርት ቤት። ከመቶው ስንቱ ማናጀር አግኝቶ ውጭ ወጥቶ እንደሚሮጥ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጥቂቱ ነው። ለቀረው «ሩጫው ራሱ በቂ ነው» ብሎ መስበክ ጭካኔ ይሆናል፤ የተራበ ሰው በአሪስቶትል አይጠግብም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተስፋው የሚያስነሳ ቢሆንም፣ ሰውን ለዓመታት የሚያቆየው ተስፋው ብቻ አይደለም። በተስፋ ብቻ የመጣው በመጀመሪያው የተበላሸ ሰዓት ይመለሳል። የሚቆየው የዛሬውን ጠዋት ጭምር የወደደው ነው።

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ጆንያ በጀርባው የሚያወርድ ወዛደርስ? እሱን ማን «ስፖርት ሥራ» ይለዋል? ከማናችንም በላይ ይንቀሳቀሳል። ሆኖም ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩበት አንድ ግኝት አለ፤ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ልብን ሲጠቅም፣ ተገዶ የሚሸከሙት የሥራ ጫና ያንን ጥቅም አይሰጥም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ዕረፍት ማጣት ነው፤ ተሸካሚው ሲደክመው ማቆም፣ ሲያምረው መቀጠል አይችልም። ይህ ለእኔ ከሕክምናም በላይ የሆነ እውነት ይመስለኛል። ድካም ድካም ነው፤ የመረጡት ድካምና የተጫነ ድካም ግን አንድ አይደሉም። ያው ወዛደር ሳምንቱን ሙሉ ወገቤን እያለ ሰንብቶ፣ እሑድ ጠዋት ማልያውን ለብሶ በአቧራ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ አይቻለሁ። በሰው ተጠርቶ፣ በፈቃዱ፣ ለማንም ሳይከፈለው። የዚያን ቀን ፊቱ ሌላ ነው።

እርካታ ሰውን ያሰንፋል ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ አበበ ቢቂላ ነው። በ1952 ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈውን ሁሉም ያውቃል። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። መስመሩን እንዳለፈም ሣሩ ላይ ገብቶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ውድድሩ አልቋል፣ ወርቁ በእጁ ነው፣ እሱ ግን እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ይሠራል። ለዚያ ሰው እንቅስቃሴ ለወርቁ የተከፈለ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይተኛ ነበር።

በመጋቢት 1961 መኪናው ተገልብጣ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ፤ መራመድ ግን አልተመለሰለትም። ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆኑ፣ ያን እንደተቀበለ ይህንንም እንደሚቀበል ተናገረ። ተቀብሎም ቀስት አነሳ። በ1962 እዚያው ስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ኖርዌይ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ እንግዳ ሆኖ መቀመጡን ትቶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ አሸነፈ። በ41 ዓመቱ፣ በጥቅምት 1966 አረፈ።

ያ ሰው የጠፋውን እግር እያሰበ ቢያለቅስ ማንም አይፈርድበትም ነበር። በሌለው እግር ሲቆጭ ቢውል ግን ያለውን ክንድ ባላየው ነበር። የተቀበለ ሰው እጁ ላይ የቀረውን ያያል፤ ያየ ሰው ይሠራበታል። እርካታ ማለቴ ይህን ነው። ጉድለት የለብኝም ማለት አይደለም፤ በጉድለቱ አልደራደርም፣ ዛሬ የምችለውን ለመሥራት የጎደለው እስኪሞላ አልጠብቅም ማለት ነው።

እንግዲህ «እንዴት ልበርታ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የፍላጎት መድኃኒት የለኝም። ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ማን ይጠብቅሃል ብዬ ነው የምጠይቀው። ለከተማው ግን ሌላ የምለው አለኝ። በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ በእሑድ ጠዋት አስፋልቱ ከመኪና ነፃ ወጥቶ ልጅ አዋቂው አንድ ላይ ሲዘል ያየ ሰው፣ ሕዝቡ ሰነፍ እንዳልሆነ ገብቶታል። ያጣው ቦታና ጊዜ ነበር። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ላይ ኮንዶሚኒየም በተገነባ ቁጥር፣ አቃቂ ሜዳ ላይ መጋዘን በበቀለ ቁጥር፣ ኳስ የሚመታበት አቧራማ ሜዳና ሯጮች የሚሰለፉበት ኮረኮንች ይጠብባል። የዚያን ወዛደር የእሑድ ሜዳ የሚወስድ ሰው የወሰደው ባዶ መሬት አይደለም፤ በሳምንቱ ውስጥ የራሱ የሆነችውን ብቸኛ ድካም ነው።