ሻንጣና ዋልነት

«አገሬ እገባለሁ» የሚል ሰው በስደት አገር ጓሮው ዋልነት ሊተክል ይገባዋልን? ጥያቄው የአትክልተኛ ይመስላል፤ እኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አድርጌ እመለከተዋለሁ። በሜሪላንድ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጓሮ ጎመን፣ ቃርያ፣ በሶብላና ጤና አዳም አይታጣም። ጎመኑ በጥቂት ወራት ተቀንጥሶ ያልቃል፤ ጤና አዳሙም በሸክላ ዕቃ ስለሚተከል ባለቤቱ ቤት ሲለውጥ አብሮት ይጓዛል። 30 ዓመት የኖረው ሰው እንኳ «ለጊዜው ነው» ይላልና፣ የሚተክለው እንደ ሻንጣው ተነሥቶ የሚሄደውን ነው።

ዋልነት ለዚህ አኗኗር አይመችም። ዋና ሥሩን ቁልቁል ስለሚሰድ ካደገ በኋላ ቦታ መለወጥን አይወድም። ከዘር የበቀለው ፍሬ እስኪሰጥ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የተዳቀለው ይቀድማል። በመጋቢት ቅርንጫፉን ቢቆርጡት ፈሳሹ ከቁስሉ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ቅጠሉ እስኪሞላ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ፣ መታገሥ ያሻል።

ሕክምና በተማርሁባት በቡልጋሪያ ዋልነት የየመንደሩ ዛፍ ነው። በባልካን ገጠር፣ ዋልነት የተከለ ሰው የዛፉ ግንድ የአንገቱን ያህል ሲወፍር ይሞታል የሚል የቆየ እምነት አለ። ሐኪም ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በሽምግልናው የተከለ ሰው ግንዱ በወፈረ ጊዜ ዕድሜውም አልቆ ይገኛልና። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህን እያመኑ መትከላቸው ነው።

የተቃዋሚውን ክርክር አልንቅም። ተገፍቶ ለወጣ ሰው ያልተፈታ ሻንጣ የመጨረሻው ክብሩ ነው፤ ዛፍ መትከል ተስፋን አብሮ መቅበር መስሎ ይታየዋል። ሆኖም «እንግዳ ነኝ» የሚለው ቃል፣ ትሕትና ቢመስልም፣ ከጎረቤት ዕዳ መሸሸጊያ ሲሆን በዙሪያዬ አይቻለሁ። እንግዳ፣ የአጥሩ ማዶ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚገጥመው አይጠይቅም። ዋልነት የሚተክል ግን መጠየቅ ግዴታው ነው።

በሜሪላንድ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅለው ጥቁር ዋልነት በሥሩ፣ በቅጠሉና በፍሬው ልጣጭ ጁግሎን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል። ቲማቲም፣ ድንችና ቃርያ በአቅራቢያው ሲጠወልጉ ይታያል። (ጉዳቱ ከጁግሎን ነው ወይስ ዛፉ ውሃውንና ብርሃኑን ስለሚሻማ በሚለው ላይ በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ለጠወለገው ቲማቲም ግን ልዩነት የለውም።) ሥሩ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል፤ የንብረት ወሰን አያውቅም። ዛፉ ተቆርጦ እንኳ በመሬት ውስጥ የቀረው ሥር እስኪበሰብስ ዓመታት ይወስዳል። ከአትክልት መደብ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ ይባላል፤ የስንቶቻችን ጓሮ ያን ያህል ይሰፋል? ጁግሎኑ እጅግ አነስተኛ የሆነውን የፋርስ ዋልነት መምረጥ ይቻላል፤ እርሱም ቢሆን ትልቅ ዛፍ ነውና፣ ጎረቤትን ሳያማክሩ ጉድጓድ መቆፈር ነውር ነው።

ተክሎ መመለስም ይቻላል። ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ለገዢው የዛፉን ዐይነት፣ የተተከለበትን ዓመትና ቲማቲሙን ከየት ወዲያ መትከል እንደሚሻል ጽፎለት ይሄዳል።