ማን በደለ?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9፣ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ይጠይቃሉ። ጌታም ሁለቱንም ነፃ ያወጣቸዋል። ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ጥያቄው ይከነክነኛል። ተጠርጣሪዎቹ ልጁና ወላጆቹ ብቻ ናቸው። በእናትና በጽንሷ መካከል ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል ብሎ ያሰበ የለም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ እኔ ነጭ ጋዋን የለበሰ መሆኑን አውቃለሁ።

ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የሚባል ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ ሠሩት። የፈጠራ ባለቤትነት ስላልተመዘገበለት ርካሽ ነበር፤ የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ አመረተው። ዶድስ ራሱ በዚያው ዓመት፣ መድኃኒቱ በእንስሳት ላይ ገና የጀመረ እርግዝናን እንደሚያቋርጥ ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎ ነበር። ይሁንና ቦስተን ላይ ኦሊቭና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ውርጃ ይከላከላል አሉ፤ በ1947ም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእርጉዞች ፈቀደው። እርግዝና አቋራጩ እርግዝና ጠባቂ ሆኖ አረፈው።

የሴት ልጅ ማህፀን የሚሠራው እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች፣ ሙለሪያን ከሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። የትኛው ሕዋስ መቼ ምን እንደሚሆን ልክ አለው። ይህ መድኃኒት በእንግዴ ልጁ አልፎ ይገባና ኤስትሮጅንን መስሎ ያለጊዜው ያዛል። ሸማኔ ድሩን ሲያደራ የሳተው ክር ጥበቡ ካለቀ በኋላ አይመዘዝም። ልጆቹ ሲወለዱ ደህና ይመስሉ ነበር። ካደጉ በኋላ ግን አንዳንዷ ማህፀኗ የቲ ፊደል ቅርጽ ይዞ ተገኘ፤ ብዙዎች ፅንስ አልረጋ አላቸው። ከሺህ አንዷ ገደማ በለጋ ዕድሜዋ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር ያዛት። ከወንዶቹም አንዳንዶቹ ከዘር ፍሬው አጠገብ ውኃ የቋጠረ እባጭ ወጣባቸው።

ታዲያ የዋጠችው እናት ምን ትባል? ይህን ለንስሐ አባቴ አነሳሁላቸው። «ልጄ፣ በማወቅም ባለማወቅም የምንለው እኮ ለዚህ ነው፤ አለማወቅም ንስሐ ይፈልጋል» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ፤ ልቤ ግን አልተረታም። እኔ እንደሚመስለኝ አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማወቂያ መንገድ የሌለው ነው፤ ልጇ እንዳይወርድባት ፈርታ፣ ሐኪሟን አምና የዋጠችው እናት ይህ ነው ያላት። ሌላው መንገዱ በእጁ እያለ ያላየ ሰው አለማወቅ ነው።

መንገዱማ ነበር። በ1953 ዊሊያም ዲክማን ቺካጎ ላይ 1,600 በሚያህሉ እርጉዞች ላይ መድኃኒቱን ከባዶ እንክብል ጋር አወዳድሮ፣ ውርጃን ፈጽሞ እንደማይከላከል አሳየ። (እነዚያ ሴቶች ምን እንደሚውጡ እንኳ አልተነገራቸውም፤ ይህ ራሱን የቻለ በደል ነው።) ጥናቱ ታተመ፤ ሐኪሞች አነበቡት። ማዘዙ ግን 18 ዓመት ቀጠለ። ምንም ሕመም ለሌላቸው እርጉዞች ሁሉ ይሰጥ የሚል ማስታወቂያ ሳይቀር በሕክምና መጽሔት ወጣ። በአሜሪካ ብቻ እናቶቹንና ልጆቹን ጨምሮ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው እንደደረሰው ይገመታል።

በ1971 አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ ያ ብርቅ ካንሰር የያዛቸውን ስምንት ወጣት ሴቶች መረመሩ፤ የሰባቱ እናቶች መድኃኒቱን ወስደው ነበር። ካልታመሙት 32 ሴቶች እናቶች አንዷም አልወሰደችም። በዚያው ዓመት ለእርጉዝ እንዳይሰጥ ተባለ። ሐኪሞቹን ወደዚህ ከመሩት ነገሮች አንዱ የአንዲት ታማሚ እናት ጥያቄ ነው፦ በእርግዝናዬ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን እንዴ?

እናቲቱ ራሷን ለመጠርጠር ደፈረች። ለእሷ ቀኖና የሚሰጥ ካህን ካለ፣ መጀመሪያ ከ1953 በኋላ ማዘዣ የፈረሙትን ይጥራልኝ፤ እኛንም ከባንኮኒው ጀርባ ሆነን የሸጥነውን።