የተፈረደበት ሰው ነገሩ ዳግመኛ ሊሰማለት ይገባልን?

ይግባኝ የሚለው ቃል መግባት ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ትርጓሜውም፥ በታችኛው ዳኛ ፊት የተረታ ሰው ነገሬ ወደ ላይኛው ዳኛ ይግባልኝ ብሎ መለመኑ ነው። ነገር ግን ቤት ሰብሮ ሰረቀ፥ ሰው አስፈራርቶ ቀማ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ይህን ቃል ሲናገር የሰማው ሁሉ ይቈጣል። «ባልተፈቀደለት ደጅ የገባ ሰው ዛሬ ደግሞ ነገሬ ይግባልኝ ይላልን?» ይላል። ይህ ቍጣ ለተበዳይ ከማዘን የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ቢሆንም ሊመረመር ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል በአርባ ምንጭ ከተማ፥ በሲቀላ ሰፈር የምትኖር አንዲት መበለት ትታሰብ። በሌሊት በሯ ተሰበረ፤ እጅ ጕሮሮዋን ያዘ፤ የብዙ ዘመን ድካሟ ዋጋ በአንድ ሰዓት ተወሰደ። ጩኸቷን ሰምተው የሮጡ ጐረቤቶች በጨለማ አንድ ጐልማሳ ያዙ፤ እርሷም «ይህ ነው» አለች፤ ዳኛውም ቃሏን አምኖ ፈረደበት። መበለቲቱ ሐሰተኛ አይደለችም፤ ዳኛውም ጉቦኛ አይደለም። ነገር ግን ፍርሃትና ጨለማ ዓይንን እንደሚያታልሉ ማን ይክዳል? የተያዘው ጐልማሳ ሌላ ሰው ቢሆን፥ ያ ጕሮሮዋን ያነቀው እጅ ዛሬ የማንን በር ይሰብራል? እንግዲህ የተሳሳተ ፍርድ ሁለት ሰው ይበድላል፤ ንጹሑን ያስራል፥ መበለቲቱንም ለእውነተኛው ጠላቷ ይተዋታል።

ይህ ባዶ ፍርሃት እንዳይደለ ታሪክ ይመሰክራል። በእንግሊዝ አገር አዶልፍ ቤክ የተባለ ሰው፥ ሴቶችን እያታለለ ጌጣቸውን ወሰደ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1896 ተፈረደበት። ብዙ ሴቶች «እርሱ ነው» ብለው መስክረውበት ነበር። ዓመታት ታስሮ ከወጣ በኋላ፥ በ1904 በዚያው ዓይነት ክስ ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባለ። ጥቂት ቆይቶም እውነተኛው አታላይ ተያዘ። የዚህ ሰው መከራ ሕዝቡን ስላሳዘነ፥ በ1907 የወንጀል ይግባኝ የሚሰማ ፍርድ ቤት በሕግ ተቋቋመ።

በኢትዮጵያም ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም የጠፋውን ገንዘብ ይከፍል ነበር። የዚህ ልማድ ክፋት መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ብላቴናው ስለ ምን በዚያ ቤት እንደ ወደቀ የሚናገረው ምክንያት ስለሌለው፥ ስሕተቱን የሚገልጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ዳኛ ግን ምክንያቱን ይጽፋል። የጻፈውንም ሌላ ዳኛ እንደሚያነበው ካወቀ፥ ከመጀመሪያው ተጠንቅቆ ይጽፋል። ስለዚህ ይግባኝ ዳኛን መስደብ ሳይሆን ዳኛን ማንቃት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ ይህን መብት ለሰው ሁሉ ሰጠ። ነገሩ ግን ያለ ልክ እንዳይጓተት፥ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዘመን ወስኗል። ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቂያውን እንዲሰጥ፥ የፍርዱን ግልባጭ በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥም ማመልከቻውን እንዲያቀርብ አዟል። ይግባኙ ለተፈረደበት ሰው ነው፤ የቀኑ ልክ ግን ለመበለቲቱ ነው።

«ይህ ሁሉ ለንጹሕ ሰው ነው፤ በእውነት የሰረቀውስ?» የሚል ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕቃ ያነሣውን እጅና ጕሮሮ ያነቀውን እጅ ለይቷል። ተራ ስርቆት ቢበዛ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፥ ኃይል ወይም ከባድ ማስፈራራት የታከለበት ውንብድና ከ1 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። እንግዲህ ሰርቆ ያላነቀ ሰው፥ ባነቀው ሰው ሚዛን እንዳይመዘን መጮኹ ነውር አይደለም። የ1954ቱም ሕግ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ይግባኝ እንዳይል ከልክሎ፥ በቅጣቱ ልክ ግን እንዲከራከር ፈቅዶለታል።

ነገር ግን ሕግ የፈቀደው ሁሉ ኅሊናን አያነጻም። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፥ ፈያታዊ ዘየማን፥ ፍርዱ ለሥራው የሚገባ መሆኑን አልካደም፤ ለንጹሑ ተከራከረ፥ ለራሱም ምሕረትን ለመነ። በጋሞ ደጋ፥ በጨንቻና በዶርዜ አገርም፥ ተሰውሮ የቀረ በደል ጎሜ ይሆናል፥ ካልተናዘዙትም መከራ ያመጣል የሚል ትምህርት ከአባቶች ወርዷል። ስለዚህ በደለኛ ይግባኝ ሲል ያላደረገውን ይካድ፤ ያደረገውን ግን አይካድ። ሐሰተኛ ምስክር ገዝቶ የላይኛውን ደጅ የሚያንኳኳ ሰው መበለቲቱን ሁለተኛ ሰረቃት።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ተገደሉት ወገኖቻቸው የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ወጥተው ነበር። ሊበቀሉ የተነሡትም በዚያ ደም እጃቸው የሌለበትን ሰዎች ነበር። የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሎቹ የሞቱትን አልረሱም፤ ንጹሕ ሰው በበደለኛ ፋንታ እንዳይቀጣ ብቻ ለመኑ። ይግባኝም በፍርድ ቤት ደጅ እንደዚያ እርጥብ ሣር ነው። በፊቱ ቆም ብሎ ዳግመኛ የሚመረምር ዳኛ ለወንበዴው አላደላም፤ መበለቲቱ በሯን ዘግታ ያለ ስጋት እንድታድር ደከመላት እንጂ።